ራሷ የመረጠችለት የጆሮ መከላከያ

ቧንቧ ሠራተኛውን የተኩስ ስፖርት ክለቡ ውስጥ እግር የጣለው የመታጠቢያ ቤቱ ቧንቧ በፈነዳ ጊዜ ነው። ጠግኖ ሲጨርስ አሠልጣኙ እንደ ቀልድ ሽጉጥ አስያዘውና እስቲ ሞክር አለው። እጁ የረጋ ሆኖ ተገኘ። ከዚያ ወዲህ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሥራ መልስ የማይቀር አባል ሆነ። ሌሎቹ አባላት «ቧንቧው» ይሉታል፤ አይከፋውም፣ ወይም የማይከፋው ያስመስላል።

መነጽርና የጆሮ መከላከያ የምታድለው ልጅ ከዕቃ ክፍሉ መስኮት ጀርባ ትቀመጣለች። ሚጢጢ ይሏታል። ያሳደገቻት ታላቅ እህቷ ያወጣችላት የቤት ስም ነው፤ አድጋ ቁመቷ ከእህቷ ቢበልጥም ስሙ አልለቀቃትም።

«ጥጥ ብወትፍበትስ?» አላት ቧንቧ ሠራተኛው በመጀመሪያው ቀን።

«ጥጥ ለቁስል ነው» አለችው። «ጆሮህን አትወደውም እንዴ?»

ይወደው ኖሯል። ግድግዳ ውስጥ የተቀበረ ቧንቧ የት ላይ እንደሚያፈስ የሚያውቀው ጆሮውን ግድግዳው ላይ ለጥፎ በማዳመጥ መሆኑን ነገራት። ጆሮው ከሄደ ሥራውም ሄደ ማለት ነው። ይህን ከሰማች በኋላ ሚጢጢ ነገሩን እንደ ራሷ ጉዳይ ያዘችው።

መጀመሪያ የስፖንጅ ውታፍ አወጣችለት። በጣቶቿ መሃል አንከባልላ እንደ ክር አቀጠነችው፤ በሌላ እጇ ጆሮዋን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጋ ከተተችውና እስኪነፋ ድረስ በጣቷ ደግፋ ያዘችው። እሱ ሲሞክር ወፍራም ጣቶቹ አልታዘዝ አሉት፤ ውታፉ ግማሹ ውጭ ቀርቶ የቀንድ አውጣ ቀንድ መሰለ። ሳቋን መቆጣጠር ስላቃታት ከመስኮቱ ጀርባ ወጥታ ራሷ ከተተችለት።

ስፖንጅ ጆሮ ውስጥ እስኪነፋ መጠበቅ ግድ ነው። እሷ ጣቷን ጆሮው ላይ አድርጋ ቆመች፤ እሱም አንገቱን ዘንበል አድርጎ ቆመ። የሚያዩት ሌላ ነገር ስላልነበረ ተያዩ። ስፖንጁ ከነፋም በኋላ ጣቷን ለማንሳት ዘገየች፤ ይህን ሁለቱም ያውቁታል።

ቀጥሎ ከባዱን፣ ሁለቱንም ጆሮ ግጥም አድርጎ የሚሸፍነውን ሞከሩ። ድምፅ በመዝጋት የሚስተካከለው የለም፤ ግን የመነጽሩ ወፍራም እጀታ የመሸፈኛውን ትራስ ከፍ አድርጎ ቀዳዳ ፈጠረ። ቀጭን እጀታ ያለው መነጽር ቀየረችለት። ያም ሆኖ አሠልጣኙ ከኋላው «ተኩስ አቁም» ቢል አይሰማም። በመጨረሻ ኤሌክትሮኒኩን ከመደርደሪያው አወረደችው። የተኩሱን ድምፅ ይዘጋል፣ የሰውን ንግግር ግን አያግድም፤ እንዲያውም ቀስ ተብሎ የተነገረውን አጉልቶ ያሰማል። ማብሪያውን ስትነካው ጎኑ ላይ ትንሽ አረንጓዴ መብራት ቦግ አለች።

«ይሄን ውሰድ» አለችው። «ሜዳው ክፍት ስለሆነ ብቻውን ይበቃሃል። ኮሽታ እንኳ አያመልጥህም። አሠልጣኙ ሲናገር መስማት አለብህ።»

ለአሠልጣኙ አስባ አልነበረም። እሷ ከመስኮቷ ሆና ስትጠራው እንዲሰማት ፈልጋ ነው።

ከዚያ በኋላ እንደ ቅዳሜ ለመድረስ የሚዘገይ ቀን ጠፋ። ቧንቧ ሠራተኛው ቀደም ብሎ እየመጣ መስኮቱ ላይ ይደገፋል። ስለ ሥራው ያወራታል፤ ሰዎች ስልካቸውን፣ ቀለበታቸውን፣ አንዴማ ሰው ሠራሽ ጥርሳቸውን በፍሳሽ ሰደው እንዴት እንደሚጠሩት። እሷ ትስቃለች። ተራው ደርሶ ሜዳው ላይ ቆሞ ሲያነጣጥር ቀስ ብላ «ትከሻህን ልቀቀው» ትለዋለች፤ ሳይዞር ትከሻውን ይለቀዋል። ከሌላ ሰው ተሰውረው የሚነጋገሩ ስለመሰላቸው ያ ከሁሉ በላይ ደስ ያሰኛቸው ነበር።

አንድ ቀን እህቷን መተዋወቅ እንደሚፈልግ ነገራት። ቤታቸው መጥቶ፣ በወግ በማዕረግ። ሚጢጢ ቆይ ትንሽ አለችው። ሌላ ጊዜም ጠየቃት፤ አሁንም ቆይ አለችው። እናታቸው ከሞቱ ጀምሮ እህቷ እናትም አባትም ሆና ነው ያሳደገቻት። አሁን ጠበቃ አግብታ፣ ወለሉ ፊት የሚያሳይ ቤት ውስጥ ትኖራለች፤ ሚጢጢም እዚያው ናት። በዚያ ወለል ላይ የቧንቧ ሠራተኛውን ጫማ ባሰበች ቁጥር ፊቷ ይግላል። በዚህ ማፈሯን ታውቃለች፤ በማፈሯም ታፍራለች። ግን ማወቅ አንድ ነገር ነው፣ መተው ሌላ።

እህቷ አንድ ቅዳሜ ልትወስዳት መኪናዋን ይዛ መጣች። እንደ ወትሮው ውጭ አልጠበቀችም፤ ቀጥታ ወደ መስኮቱ ገባች። ቧንቧ ሠራተኛው ጀርባውን ሰጥቷቸው፣ የጆሮ መከላከያውን አድርጎ ሽጉጡን ያጎርሳል። እህት ጥቂት ካየችው በኋላ፣ ሚጢጢ ከአንድ ቧንቧ ሠራተኛ ጋር ታወራለች የሚባለው እውነት እንደሆነ ጠየቀቻት። በቁጣ አልነበረም የጠየቀችው። እንዲያውም ቀስ ብላ ነው።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል።

«እሱን?» አለች ሚጢጢ፣ እየሳቀች። «አንቺ ደግሞ፣ እታለም። የሰው ፍሳሽ ሲጎረጉር የሚውል ሰው እኮ ነው። እጁን መጨበጥ እንኳ ይቀፈኛል። አዝኜለት ነው የማዋራው።»

እህቷ መኪና ውስጥ እጠብቅሻለሁ ብቻ ብላ ወጣች። ቧንቧ ሠራተኛው አልተኮሰም። ጥይቱን አወጣ፣ ሽጉጡን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ፣ መጨረሱን ለአሠልጣኙ በእጁ አሳይቶ ወደ መስኮቱ መጣ። ሚጢጢ ፈገግ አለችለት። ያን የመሰለ ነገር ከተናገረች በኋላ ፈገግ ማለቷን ዛሬም ስታስበው አንገቷን ትደፋለች።

መነጽሩን ሲመልስላት ፊቱን ቀና ብላ አየች። ከጆሮው በላይ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች።

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጣት በወደደች። እሱ መከላከያውን አወለቀ፣ አጠፋው፣ መስኮቱ እንጨት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ እሱ ራሱ የጠገነው መታጠቢያ ጋ ሄዶ እጁን ታጠበ። በሳሙና ታጠበ፣ አለቅልቆ እንደገና ታጠበ፣ ጥፍሮቹን አንድ በአንድ ፈተገ። ሳይሰናበታት ወጣ።

በመኪናው ውስጥ እህቷ እስከ ቤት ድረስ ዝም አለች። ሚጢጢም ያን ዝምታ እንደመሰላት ተረጎመችው፦ ወሬው ብቻውን እንኳ አሳፍሯታል፣ እንኳንም ካድኩ። እንዲህ አስባ ለመጽናናት ሞከረች፤ አልሆነላትም።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ቧንቧ ሠራተኛው መጣ። ዐይኑ መስኮቱ እንጨት ላይ ነበር።

«ስፖንጁንና ከባዱን ይስጡኝ» አለ።

ይስጡኝ። ከዚያ መስኮት ላይ ስንት ቅዳሜ አንቺ ሲላት የኖረ ሰው።

«ክፍት ሜዳ ላይ ሁለቱን መደረብ አያስፈልግም እኮ» አለችው።

«ለእኔ ያስፈልገኛል።»

ስማኝ ልትለው አፏን ስትከፍት ስፖንጁን አቅጥኖ ከቶት ነበር። እንዳስተማረችው ጆሮውን ወደ ላይና ወደ ኋላ ሳብ አድርጎ፣ በትክክል። ከባዱን ደረበበት፤ ስትናገር በትሕትና ወደ ጆሮው ጠቁሞ ሄደ። ያን ቀን አንድም ጥይት ዒላማው መሃል አልገባለትም። ከዚያ ወዲያ ክለቡ ውስጥ አልታየም። ስልኳንም አያነሳም።

ሚጢጢ ምግብ አልወርድ አላት። ሰው ሳቅ ሲል በሰማች ቁጥር ያን የራሷን ሳቅ የሰማች ይመስላታል። አንድ እሑድ፣ ጠበቃው ወጥቶ ሁለቱ ብቻ ምሳ ቀርበው ሳሉ፣ ማንኪያዋን አስቀመጠችና ለእህቷ ሁሉንም ተናዘዘች። ሰውየውን እንደምትወደው፣ ያለችውን ሁሉ እንደሰማ፣ ያሰማውንም ዕቃ የመረጠችለት እሷው እንደሆነች።

እህቷ እስክትጨርስ ጠበቀቻት።

«ለምን ነበር ታዲያ እንደዚያ ያልሽው?»

«አንቺ እንዳታፍሪብኝ ብዬ።»

«ያን ቀን መኪና ውስጥ ለምን ዝም ያልኩ ይመስልሻል?»

«በእሱ አፍረሽ።»

«በአንቺ ነው ያፈርኩት» አለች እህቷ። ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም። «እናታችን ከሞተች በኋላ የሰው መጸዳጃ ቤት አጥቤ ነው ያስተማርኩሽ። በረኪናው እጄን ልጦት፣ ሽታው አልለቅ ብሎኝ፣ በዚያው እጅ ነው ፀጉርሽን የምሠራሽ። ያን ቀን ስነዳ ዐይኔ መሪው ላይ ያለው እጄ ላይ ነበር። ይቺ ልጅ ያኔም ትጸየፈኝ ነበር እንዴ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ሚጢጢ ይህን ታውቅ ነበር። እህቷ ካገባች ወዲህ ግን በዚያ ቤት ተነስቶ ስለማያውቅ መርሳት ቀሏት ነበር። ከወንበሯ ተነስታ እህቷ እግር ሥር ተቀመጠችና ፊቷን ጉልበቷ ውስጥ ቀበረች።

«ለእኔ አታልቅሺ» አለቻት እህቷ ራሷን እየዳበሰች። «እኔ እህትሽ ነኝ፣ የትም አልሄድም። እሱ ግን ይሄዳል። በአፍሽ ያበላሸሽውን በአፍሽ አስተካክዪ።»

ማግሥቱን አሠልጣኙን ጠይቃ የሚሠራበትን አወቀች። ፎቅ ቤት ነው፤ ምድር ቤቱ ውስጥ አሮጌ ቧንቧ እየቀየረ ነበር። ደረጃውን ስትወርድ በክንዱ ግንባሩን እየጠረገ ቀና አለ። እንዳያት እጆቹን ወደ ኋላው ደበቀ። 

«ዋሽቼ ነው» አለች። «አልቀፈፍከኝም። አዝኜልህም አይደለም። እህቴን ፈርቼ የምወድህን ካድኩህ። ይቅርታ ብዬ ለመጠየቅ እንኳ አፍራለሁ።»

እጆቹን ከኋላው ሳያወጣ ግድግዳውን ተደገፈ።

«እኔም ጥፋት አለብኝ» አለ በመጨረሻ። «ስትጀምሪ መከላከያውን ማጥፋት እችል ነበር። ምን እንደምትይ ለመስማት ጓጉቼ ተውኩት። ጥሩ ነገር ልሰማ መስሎኝ።» እጆቹን ከኋላው አውጥቶ አያቸው። «የጎዳኝ ማለትሽ ብቻ አይደለም። ያልሽውን ማመኔም ነው። የእህቴ ልጅ ሮጣ ስትመጣ ማቀፍ ፈራሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ እጄን አሸታለሁ።»

 ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው፤ ሮጠው አይመልሱትም። እሱም ዛሬ መልስ እንደማይሰጣት፣ ሥራ እንዳለበት ነግሯት ወደ ቧንቧው ዞረ።

አልሄደችም። ከላይ፣ ሰው የሚያልፍበት ደረጃ ላይ ተቀመጠች። ከታች የመፍቻው ድምፅ ይሰማል፤ አንዳንዴ ይቆማል፣ እንደገና ይቀጥላል። ነዋሪዎች ሲወጡና ሲወርዱ ቀሚሷን ሰብሰብ እያደረገች ታሳልፋቸዋለች። ወደ ማታ አካባቢ ተረከዘ ረጅም ጫማ ያደረጉ አንዲት ሴትዮ ከላይ ቁልቁል እያዩዋት ቆሙ። ከምድር ቤቱ የሚወጣው የፍሳሽ ሽታ አፍንጫቸውን አስይዟቸዋል።

«የኔ ልጅ፣ እዚህ ሽታ ላይ ማንን ነው የምትጠብቂው?»

የሚጢጢ ፊት ጋለ። ይህች ጥያቄ ሌላ ቦታ፣ ከሌላ ሰው አፍ፣ አንድ ጊዜ አዋርዳታለች። ከደረጃው ተነስታ ቆመች፤ ታች ድረስ እንዲሰማ አድርጋም ተናገረች።

«ምድር ቤት ያለውን ቧንቧ ሠራተኛ ነው፣ እማማ። እወደዋለሁ። በድዬዋለሁ፣ ከተቀበለኝ እህቴ ጋ ልወስደው ነው የመጣሁት።»

ሴትዮዋ ከላይ እስከ ታች አዩዋት፤ ምን እንደሚሉ ግራ ገብቷቸው፣ እግዜር ይርዳሽ ብለው ወጡ። ከታች የመፍቻው ድምፅ ቆሟል። ቆሞ ቀረ። ሚጢጢ የደረጃውን መደገፊያ ይዛ ጠበቀች።

«ሚጢጢ» አለ ድምፁ ከጨለማው ውስጥ።

«አቤት።»

«የሰው ጎረቤት አታስቸግሪ። ነይና ይሄን መብራት ያዢልኝ።»

ወረደች። ጨርቅ አንስቶ እጁን ሊጠርግ ሲል ሳትጠብቀው መብራቱን ከነጣቶቹ ያዘችበት፤ እሱም ጣቶቹን ለማውጣት አልቸኮለም። በኋላ ተንበርክኮ ወደ ሥራው ሲመለስ ከኋላው ቆማ አበራችለት። እጇ ስለሚንቀጠቀጥ ብርሃኑ ግድግዳው ላይ ይወዛወዝ ነበር። ቀጥ አድርጊው አላላትም።