የእናታቸው ቁም ሳጥን

ከአንድ ማህፀን የወጡ፣ አንድ ጡት የጠቡ፣ በአንዲት ጠባብ አልጋ ላይ አንዷ ራስጌ አንዷ ግርጌ ተኝተው ያደጉ ሁለት እህትማማቾች ነበሩ። ታዲያ ቅናት በየትኛው ቀዳዳ ሾልኮ ገባባቸው? ታላቂቱ ሶፋ ሰሪ አገባች፤ ከባሏ መሥሪያ ቤት ኋላ ባለች አንዲት ክፍል፣ በስፖንጅ ቁርጥራጭና በሙጫ ሽታ መካከል ትኖር ነበር። ታናሺቱ ደግሞ የቤት ዕቃ አስመጪውን ነጋዴ አገባች። እሱ ማን እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል! ሹሙን በቁልምጫ የሚጠራ፣ ከፖሊስ አዛዡ ጋር ካርታ የሚጫወት፣ ሰላምታው እንኳ ጉዳይ የሚያስፈጽም ሰው ነበር። የታናሺቱ መኪና ወደ ሰፈር ሲታጠፍ ታላቂቱ ሮጣ የተሰጣውን የተጣፈ አንሶላ ትሰበስባለች፤ እህቷ የያዘችላትን ስጦታም አመስግና ትቀበልና አልጋ ሥር ትወረውረዋለች።

ደግሞስ ታናሺቱ የማትቀና መስሏችሁ ነው? በዚያ ሰፊ ቤት ውስጥ ስልክ ይጮኻል እንጂ ሰው አይስቅም። ከእህቷ ክፍል ግን ሳቅ ይሰማል። ሶፋ ሰሪው ሚስማሩን በከንፈሩ ይዞ ሲያወራ፣ ማታ ማታ ለሚስቱ እግር ውሃ ሲያሞቅ አይታ አንጀቷ ያርራል። እናታቸውም በሕይወት ሳለች እቅፏም ምርቃቷም ለታላቂቱ ነበር፤ ባለ መስታወቱ ቁም ሳጥን ፊት አስቀምጣ የምታበጥረው የታላቂቱን ፀጉር ነበር። የታናሺቱ ፀጉር አጭር ነው ተብሎ ይታለፋል። ይህ እንዴት ይረሳል?

እናት ስትሞት ቁም ሳጥኑ ሰፊ ቤት ላላት ለታናሺቱ ተሰጠ። አዲሶቹ ዕቃዎች ሲመጡ ግን ከእነሱ ጋር አልሄድ አለና የነጋዴው መጋዘን ውስጥ ተጣለ። ታላቂቱ ይህን የሰማች ቀን እህል በአፏ አልዞረም። ሶፋ ሰሪው የነጋዴውን ሶፋዎች የሚያድሰው እዚያው መጋዘን ስለነበር ሜትሩን ይዞ ሄደና ለክቶ ተመለሰ።

«የኔ ዓለም፣ ብንጠይቃትም በእኛ በር አይገባም። የድሮ ሥራ ነው፣ ካልተሰበረ አይፈታም» አላት።

«አንተ ደግሞ የሷ ጠበቃ ነህ!» አለችው። «ሀብቷ ዓይንህን ጋርዶሃል፤ ወይስ ሌላ ነገር አለ?»

ሰውየው ስቆ ሊያልፈው ሞከረ። እሷ ግን አልሳቀችም።

ከዚያ ነጋዴው የጋብቻ በዓሉን አስመልክቶ በጠራራ ፀሐይ ታላቅ ግብዣ ደገሰ። ሹማምንቱ ቢጠሩ ማን ይደነቃል? የመጋዘኑ ጫኝና አውራጆች፣ ጥበቃዎቹ እንኳ ሳይቀሩ ተጠሩ! «እንዲህ ያለ ደግ ሰው የት ይገኛል?» ተባለ። ታላቂቱ ከኩሽናው በር አጠገብ ተቀምጣ ሳህን ለሚያመላልሱት መንገድ ትለቃለች። ታናሺቱ አንገቷ ላይ ወርቅ እያብረቀረቀ መጣችና ሳመቻት፤ ለሶፋ ሰሪው አንድ ነገር አለችው፤ እሱ መለሰላት፤ ተሳሳቁ። ያቺ ሳቅ! ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባል የለም? ታላቂቱ ባሏን ክንዱን ይዛ ወደ ጓሮ ጎተተችው።

«አሁን ሂድና የእናቴን ቁም ሳጥን አውጣልኝ። ጥበቃ የለም። የጎን በሩ ቁልፍ አንተ ጋ ነው።»

«በበሩ አይገባም አላልኩሽም?»

«ለኔ ስትባል በር ይጠብሃል! ለሷ ቢሆን ግድግዳ ታፈርስ ነበር!»

 እሱም ብርጭቆውን አስቀምጦ ኪሱን ዳበሰና ወጣ።

ብዙም ሳይቆይ ደወለ። «አጣሁት እኮ... ከነበረበት የለም። የዕቃ ካርቶኖቹም ሁሉ ባዶ ናቸው፣ ነገሩ አላማረኝም። ልመለስ?»

«ሳትይዝ እንዳትመጣ!» አለችና ጆሮው ላይ ዘጋችው።

ምነው ያን ጊዜ ምላሷ በተሳሰረ! ምነው ስልኩ ከእጇ ወድቆ በተሰበረ! ቁም ሳጥኑ በቦታው ቢሆን አይቶት፣ ጋሪ ሊጠራ ተመልሶ በወጣ ነበር። የለምና ፈለገ... ከአንዱ ክምር ወደ ሌላው፣ ወደ ውስጥ፣ ወደ ውስጥ ገባ። በዚያች ሰዓት የነጋዴው ታማኝ ሹፌር በዋናው በር በኩል ቤንዚን እየረጨ ነበር። ነጋዴው ቁልፉን ሁሉ ሰብስቦ ሲያበቃ ለሶፋ ሰሪው የሰጠውን አንዱን ረስቶት ነበር። ግብዣው ላይ ሆነው ጭሱን ሲያዩ ነጋዴው ጭንቅላቱን ይዞ ጮኸ፤ ሹሙም አቅፎ አጽናናው። ውስጥ ሰው መኖሩን የምታውቀው አንዲት ሴት ብቻ ነበረች። እየጮኸች በባዶ እግሯ ሮጠች... አልደረሰችም።

መጀመሪያ «ኮረንቲ ነው» ተባለ። ሬሳ ሲገኝ ነገሩ ተቀየረ። ሶፋ ሰሪው ሊሰርቅ ገብቶ ሲጋራ ጣለ ተባለ! የጎረቤት ሲጋራ እንኳ የሚያስለው ሰው! ኢንሹራንሱ ለነጋዴው ሊከፍል ወረቀት ማዘጋጀት ጀመረ። ሚስቲቱ «ካርቶኖቹ ባዶ ናቸው ብሎኛል» ብትል ማን ይስማት? ሙት አይከራከርም፤ የሌባ ሚስትንም የሚያምን የለም። ደንበኞች ያላለቁ ወንበሮቻቸውን እያስጫኑ ወሰዱ። ሰፈርተኛው እሷ ስታልፍ ድምፁን ይቀንሳል። ባሏን መመለስ አይቻልም፤ ቢያንስ ስሙን መመለስ ፈለገች። ለዚያ ደግሞ የራሷን ኀጢአት መናገር ነበረባት።

አንድ ጠዋት ወደ እህቷ ቤት ሄደች። ታናሺቱ በር ላይ ልታቅፋት ስትል እጇን ያዘቻት።

«ሊሰርቅ አልገባም። እኔ ነኝ የላክሁት። ለእማዬ ቁም ሳጥን። ባለሽ ሁሉ ቀንቼብሻለሁ... ከባሌ ጋር በሳቅሽው እንኳ።»

ታናሺቱ ፊቷ አመድ መሰለ። እየመራች ወደ ጓሮው ዕቃ ቤት ወሰደቻትና በሩን ከፈተችው። ቁም ሳጥኑ መስታወቱን ወደ እነሱ አዙሮ ቆሟል። ጭረት እንኳ አልነካውም።

«መጋዘኑ ሊታደስ ነው፣ ዕቃው ሁሉ ይወጣል፣ ከአሮጌው የምትፈልጊውን ውሰጂ አለኝ ባሌ» አለች ታናሺቱ። «ራሱ እንዳስቃጠለው ከቃጠሎው በኋላ ገብቶኛል፣ እትዬ። ፈርቼ ዝም አልኩ። ይሄንንም... ወድጄው አይደለም ያመጣሁት። አንቺ እንዳታገኚው ብዬ ነው። እማዬ አንቺን የምታበጥርበት ስለሆነ...»

«እዚያ አልነበረም ማለት ነው?»

«አልነበረም።»

«ሲፈልገው ነው የሞተው...» አለች ታላቂቱና መስታወቱ ፊት ተዘረጋች። ታናሺቱ አጠገቧ ወደቀች። አንዷ ሌላዋን አልረገመችም። በምን አፍ?

ታናሺቱ ፍርድ ቤት ቆማ ሁሉንም ተናገረች፤ ከመጋዘኑ ጋር ተቃጠለ የተባለው ቁም ሳጥን ደህና ሆኖ ሲገኝ፣ ቀድመው የወጡት ሶፋዎችም መደበቂያ ተገኘ፤ ሹፌሩም አለቀሰና አመነ። ሹሙ «ለሰላምታ ያህል ነው የማውቀው» አለ፤ አዛዡ በሽታ ጠናበት። ነጋዴው እስኪሸብት በማይጨርሰው እስራት ተቀጣ። ዳኛው ሟች ሌባ እንዳልነበረ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ሲያነቡ ታላቂቱ ተነስታ ቆመች፤ ተቀመጪ እስክትባልም አልተቀመጠችም።

ቁም ሳጥኑ ለታላቂቱ ይሰጥ ተባለ። ተሸካሚዎች አመጡላት። በፊት ለፊት ሞከሩ፣ በጎን ሞከሩ፣ አጋድመው ሞከሩ። አልገባም አለ።

«እናቴ፣ ቀድሞ የለካ ሰው አልነበረም እንዴ?» አለ አንደኛው ላቡን እየጠረገ።

«ለክቶት ነበር» አለች። «እንደማይገባ ነግሮኛል... እያወቀ ነው የሄደልኝ።»

ሰውየው ገመዱን መጠቅለል ጀመረ። ቁም ሳጥኑ ከደጅ ቀረ። ታናሺቱ ቤቷ ታሽጎባት፣ አንዲት ሻንጣ አንጠልጥላ፣ ከአጥሩ ውጪ ቆማ ነበር። ለመግባት አልደፈረችም፤ መሄጃም የላትም። ታላቂቱ በመስታወቱ ውስጥ አየቻት። ለምን ይሆን ዕጣ ፈንታ ሰውን እህቱን እንዲያይ የሚያደርገው፣ በመካከል የቆመውን ሁሉ ከወሰደ በኋላ?

ታላቂቱ በሯን ገፋ አድርጋ ከፈተች።

«ነይ» አለቻት። «አንቺ እንኳ ትገቢያለሽ።»