አሥራ ስድስተኛዋ መኪና

ሩሀማ መጀመሪያ ወደ ማናሴ ሱቅ የመጣችው በረዶ ልትገዛ ነበር።

ሱቁ ከጆሃንስበርግ ወጣ ብሎ ባለው ጻካኔ ውስጥ፣ ወደ ብራክፓን በሚያወጣው መንገድ ዳር ያለ፣ እዚያ ስፓዛ የሚሉት ትንሽ የሰፈር ሱቅ ነው። ፊቱ ሙሉ በሙሉ በብረት ፍርግርግ የታጠረ ነው። ደንበኛው ውጭ ቆሞ ይጠይቃል፤ ማናሴ ከውስጥ ዳቦውንና ወተቱን በጠባብ ቀዳዳ ያቀብላል።

ማናሴ ሃያ ሰባት ዓመቱ ነው። ከሆሳዕና አለፍ ብሎ ካለ መንደር ስድስተኛ ክፍልን ጨርሶ የመጣ ዓይን አፋር ሰው ነው። አብሮት ሱቁን ይሠራ የነበረው ወንድሙ ሽጉጤ በዚያችው ቀዳዳ በገባ ጥይት ከሞተ በኋላ ግን ዓይን አፋርነቱ ወደ ሌላ ነገር ተለወጠ። አስከሬኑ ወደ አገር ሲሸኝ አላለቀሰም። ከዚያ ወዲህ ባሉት ሁለት ዓመታትም አላለቀሰም። ሰው ሲቀልድ የሚሳቅበትን ቦታ ያውቃል፤ ይስቃል። ግን ከውስጡ የሚመጣ ነገር የለም። ክንድ ሲተኙበት እንደሚደነዝዘው፣ እሱ መላ አካሉ የደነዘዘ ይመስለዋል።

ያን ቅዳሜ ከስልኩ የሀዲይኛ መዝሙር ከፍቶ ነበር። «ሐበሻ ነህ እንዴ?» የሚል ድምፅ ሰማና ቀና አለ። ቀይ የሥራ ቱታዋን እስከ ወገቧ ያወረደች፣ እጇ በግራሶ የጠቆረ ወጣት ሴት ቆማለች። አማርኛዋ የተማረችው እንጂ ያደገችበት አይመስልም።

ሦስት ከረጢት በረዶ ፈለገች። በረዶው ከፍሪጅ እስኪወጣ ስለ ራሷ ነገረችው። የተወለደችው እዚሁ ጆሃንስበርግ ነው። አባቷ አቶ ዘነበ መሀል ከተማ ብርድ ልብስ ያከፋፍላሉ፤ ቤታቸው ሮዘተንቪል ነው። እሷ መካኒክነት ትማራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ደግሞ እዚህ አቅራቢያ ባለው የአፈር መወዳደሪያ ትራክ ላይ፣ እየተጋጩ የሚሽቀዳደሙበትን ስቶክ ካር ትነዳለች። መኪናዋ መስታወቱ ሁሉ ወልቆ፣ ሾፌሩ እንዳይጨፈለቅ ውስጡ በብረት ዘንግ የታሰረ አሮጌ ቶዮታ ነው። ቁጥሩ ሠላሳ ስምንት።

«አንተም እንደ እኔ ብረት ውስጥ ነው የምትሠራው» አለችው።

ማናሴ ፈገግ አለ። ፈገግታው ሳይጠራው እንደመጣ ያወቀው እሷ ከሄደች በኋላ ነው።

ከዚያ በኋላ ቅዳሜ ሁሉ ትመጣለች። አሥር ደቂቃ ያህል ትቆማለች። ብዙውን የምታወራው እሷ ናት። አንዳንዴ እሷ ፍርግርጉ ላይ ተደግፋ መንገዱን ታያለች፣ እሱ ደግሞ እሷን።

አንድ ቀን ስለ ኦል ስታሩ ነገረችው። በዓመት አንዴ፣ ለነጥብ የማይደረግ ውድድር ነው። በዓመቱ ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ ያሸነፉ አሥራ አምስት ሾፌሮች ይጠራሉ። አሥራ ስድስተኛውን የሚመርጠው ሕዝቡ ነው፤ ተመልካቹ ከትኬቱ ጫፍ ላይ ቀዶ የሚፈልገውን መኪና ቁጥር ይጽፋል፣ በር ላይ ያለው በርሜል ውስጥ ይከታል። ውድድሩ ሦስት ክፍል አለው። መጀመሪያ ሃያ ዙር። ቀጥሎ ሌላ ሃያ ዙር፤ አሁን ግን ሰልፉ ይገለበጣል፣ የመጀመሪያው ክፍል አሸናፊ ከመጨረሻ ይነሳል። ሦስተኛው አሥር ዙር ብቻ ነው፤ እሱን ያሸነፈ ሁሉን አሸነፈ። ሩሀማ በዚህ ዓመት አራት ጊዜ ሁለተኛ ወጥታለች እንጂ አላሸነፈችም።

«ለነጥብ ካልሆነ ምን ያደርጋል?» ሲል ጠየቃት።

«ያን ቀን ማንም ምንም አያሰላም። ሁሉም የሚነዳው ስለሚወድ ብቻ ነው።»

ማናሴ እንደሚወዳት እንዴት እንደሚነግራት አያውቅም ነበር። እሱ ባደገበት አገር መንገሩም የእሱ ሥራ አይደለም፤ ሽማግሌ ይላካል። ሽማግሌው የልጅቷን አባት ይጠይቃል። ለዓይን አፋር ሰው ከዚህ የተሻለ ነገር የለም። ስለዚህ አንድ ቀን ለሱቁ ባለቤት፣ ለአጎቱ ልጅ ለዱካሞ፣ የሩሀማን ስም ነገረው። ዱካሞ ደስ አለው። የጸሎት ቤታቸውን ወንጌላዊ ምሕረቱንና ከጉባኤው አንድ አዛውንት ይዞ፣ በማግሥቱ እሑድ ሮዘተንቪል ሄደ።

ከቀትር በኋላ ስልክ ደወለ። አባትየው ክፉ ሰው አይደሉም፤ አንድ ነገር ብቻ ጠይቀዋል፣ ልጅቷ ያን መኪና ትተው ብለዋል አለ። «እኛም በአንተ ስም ቃል ገባን፤ ያስተዋታል አልን። የመጨረሻ መልሳቸውን የዛሬ ሁለት ሳምንት ይሰጡናል።»

«እሺ ጋሼ» አለ ማናሴ።

ምን እንዳለ የገባው ስልኩን ከዘጋ በኋላ ነው። ከገባውም በኋላ አልደነገጠም። የወተት ሣጥን አንስቶ መደርደር ቀጠለ።

ቅዳሜ ሩሀማ መጣች። በረዶ አልጠየቀችም።

«አባቴን ጠየቅህ» አለችው። «እኔንስ መቼ ልትጠይቀኝ አስበህ ነበር?»

ማናሴ ፊቱ ያለውን ዳቦ አስተካከለ።

«እሺ፣ አገር ቤት እንደዚያ ነው፤ አውቃለሁ። መኪናውን ያስተዋታል የተባለውስ? የሽማግሌዎቹ ነው ያንተ?»

«የእነሱ ነው።»

«ሲነግሩህ ምን አልክ?»

መዋሸት ይችል ነበር። «እሺ አልኩ።»

«ለምን?»

ማናሴ የሳንቲም ሣጥኑን ከፍቶ ዘጋ።

«ሰምቲንግ በል እንጂ» አለችው፤ ድምፅዋ ዝቅ አለ። «ኤኒቲንግ።»

ከኋላዋ ሁለት ሴቶች ቆመው ስኳር ይጠብቃሉ። ማናሴ ስኳሩን አንስቶ በቀዳዳው አሳለፈ። ሩሀማ ስኳሩን አየችው፣ ከዚያ እሱን አየችው። በሚቀጥለው ሳምንት እሑድ ሽማግሌዎቹ ሲመጡ፣ አባቷ አዎ ቢሉ እንኳ እሷ አይሆንም እንደምትል ነግራው ሄደች።

ያን ዕለት ማታ እራቱን በላ። ተኛ። ሰኞ ጠዋት ግን ከሱቁ ጎን ፀጉር የሚያስተካክለውን ባፈናን አስቆመው። ባፈና ከትራኩ ቀርቶ አያውቅም። ማናሴ በዚያው ሳምንት ቅዳሜ ስለሚደረገው ኦል ስታር፣ ስለ አሥራ ስድስተኛው መኪና ጠየቀው። ባፈና ሣቀ፤ ቦታው ከወዲሁ የተያዘ ነው፣ አንድ የብራክፓን ሾፌር ዘመዶቹን በሦስት አውቶቡስ ጭኖ ያመጣል አለው።

«ከዚህ ሰፈር ስንት ሰው ይሄዳል?» አለ ማናሴ።

«ብዙ። ግን የሚስማማ የለም፤ እያንዳንዱ የራሱን ይጽፋል።»

ከዚያች ሰዓት ጀምሮ፣ ሱቁ ውስጥ በቆየባቸው ሦስት ዓመታት ለሰፈሩ ሰው ከዋጋ ሌላ ቃል ያልወጣው ሰው በዚያች ቀዳዳ መናገር ጀመረ። ዳቦ ሲያቀብል ቅዳሜ ትሄዳለህ ወይ ይላል። አዎ ያለውን «ሠላሳ ስምንትን ጻፍልኝ» ይለዋል። ሰዎቹ ተገረሙ። አንዲት ትልቅ ሴትዮ ሠላሳ ስምንት ማን እንደሆነ ጠይቀው፣ ሴት መሆኗን ሲሰሙ ከት ብለው ሣቁ፤ ለሰልፉ ሁሉ በዙሉ ቋንቋ ጮክ ብለው አወሩበት። ከዚያ በኋላ የሚመጣው ሁሉ ያሾፍበታል። የባዕድ አገር ባለሱቅ እዚያ ሁሉ «ማይ ፍሬንድ» ነው፤ ማይ ፍሬንድ አፍ አወጣ፣ ማይ ፍሬንድ ሚስት ሊያገባ ነው ይሉታል። የታክሲ ሾፌሮች ሲያልፉ ጥሩምባ እየነፉ በጣታቸው ሦስትና ስምንት ያሳዩታል።

ማናሴ አላፈረም። ማፈር ነበረበት ብሎ አሰበ፤ ግን አልመጣለትም።

ቅዳሜ ሱቁን ዘጋ። ዱካሞ ሦስት ጊዜ ደወለ፤ አላነሳም። ከባፈና ጋር በታክሲ፣ በሚዘምሩ ሰዎች መሀል ተጨምቆ ትራኩ ደረሰ። ትኬቱ ጫፍ ላይ ሠላሳ ስምንት ብሎ በጥንቃቄ ጻፈና በርሜሉ ውስጥ ከተተ። እኩለ ቀን ላይ በድምፅ ማጉያው አሥራ ስድስተኛ ሆኖ የሩሀማ ስም ሲጠራ የጻካኔ ሰዎች የቆሙበት አጥር ተንቀጠቀጠ። ባፈና አቀፈው። ማናሴ እንደ ግንድ ቆመ።

መጀመሪያው ክፍል ላይ ከሁሉም ኋላ ተነሥታ አሥራ አንደኛ ወጣች። ሰልፉ ሲገለበጥ ስድስተኛ ሆና ተነሣች፤ ጭቃ እየረጨች ሦስተኛ ገባች። በመጨረሻዎቹ አሥር ዙሮች፣ ሰባተኛው ላይ፣ አንድ ሰማያዊ መኪና ከኋላ ገጫት። ቶዮታዋ ሁለቴ ተሽከረከረች። ሕዝቡ ጮኸ። ማናሴ ዙሩን እየቆጠረ ነበር፤ ቆጠራው ጠፋበት። መኪናዋ ተነሥታ እንደገና ሮጠች። ስምንተኛ ወጣች።

ከውድድሩ በኋላ መኪናዎቹ ወደቆሙበት ሄደ። ሩሀማ የተጣመመ መከላከያ በመዶሻ እያቃናች ነበር። አየችውና መዶሻውን አስቀመጠች።

«ባፈና ነገረኝ» አለች። «ሰፈሩ ሁሉ ነገረኝ። ለሁሉም ተናግረህ ለእኔ ብቻ ነው ያልተናገርከው።»

ማናሴ እጁን ኪሱ ከተተ፤ መልሶ አወጣው።

«ሽጉጤ ከሞተ ወዲህ ምንም አይሰማኝም» አለ። «እሺ ያልኩት ለዚያ ነው። አዎና አይሆንም ለእኔ እኩል ናቸው። ቅዳሜ ብቻ ትንሽ ይለያል።»

«እንዴት ይለያል?»

«እኔ እንጃ። ከጠዋት ጀምሮ መንገዱን አያለሁ።»

ሩሀማ ወደ እሱ ቀረበች። ፊቷ ላይ የነጂ መነጽሯ ያረፈበት ቦታ ብቻ ንጹሕ ነበር፤ ሌላው ሁሉ አፈር ነው።

«ነገ ለአባቴ ይህንን ንገረው» አለችው። «ራስህ።»

ሙሽራ ከሽማግሌዎቹ ጋር አይሄድም። ዱካሞ እሑድ መኪናው ውስጥ ይህንኑ ደጋግሞ ነገረው፤ የት አገር ታይቷል አለ፤ ሱቅ መዝጋቱንም አነሣበት። ወንጌላዊ ምሕረቱ ዝም ብለው ጸለዩ። ማናሴ ከኋላ እንደተቀመጠ ሮዘተንቪል ደረሱ።

አቶ ዘነበ ሲያዩት ቅንድባቸውን አነሡ። በተለመደው ወንበራቸው ተቀመጡ። ሻይ መጣ። ወንጌላዊው ስለ አገር ቤት ዝናብ ማውራት ጀመሩ። ማናሴ ተነሣ።

«ጋሽ ዘነበ፣ ባለፈው በእኔ ስም የተገባው ቃል ትክክል አይደለም። መኪናውን አላስተዋትም።»

ዱካሞ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

አቶ ዘነበ አልተቆጡም። «ትናንት ስትገለበጥ አይተሃል?» አሉት ቀስ ብለው።

«ስትሽከረከር አይቻለሁ።»

«ብትሞትብህስ?»

«ወንድሜ የሞተው ተቀምጦ ዳቦ ሲሸጥ ነው» አለ ማናሴ። «እንዳትሞት ማድረግ አልችልም፤ ልዋሽዎት አልችልም።»

አቶ ዘነበ ምንጣፉን አዩ። ከዚያ ተነሥተው፣ ማንንም ሳይሰናበቱ፣ በጓሮው በር ወጡ። ሽማግሌዎቹ ይሂዱ ይቀመጡ ግራ ገባቸው። ሻዩ ቀዘቀዘ።

ሩሀማ ከማድ ቤት ወጣች። በአባቷ ወንበር ተቀመጠች።

«ጠይቁኝ» አለች።

ወንጌላዊ ምሕረቱ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ልጅዎን ለልጃችን…» ብለው ጀመሩና ቆሙ። አርባ ዓመት ሲሸመግሉ ኖረዋል፤ ልጅቷን ራሷን ጠይቀው አያውቁም። ዱካሞን አዩት። ዱካሞ ጫማውን አየ።

«ሩሀማ» አለ ማናሴ፤ አሁንም እንደቆመ ነው። «ታገቢኛለሽ?»

«አዎ» አለችው። «አባቴ ግን ተመልሶ እስኪገባ እንጠብቃለን። ዛሬ ባይገባ ሌላ ቀን። ደግሞ እየሰማኝ ነው፤ መስኮቱ ክፍት ነው።»

ማናሴ ደስታው እስኪመጣ ጠበቀ። ከደስታው በፊት የመጣው ፍርሃት ነበር። ትናንት ያቺ መኪና ስትሽከረከር ሊሰማው ይገባ የነበረው ፍርሃት አሁን፣ ምንጣፍ ላይ ቆሞ፣ ከእግሩ ጀምሮ ወጣበት። የዱካሞን ወንበር ጫፍ ያዘ።

«ምን ሆንክ?» አለችው።

«ፈራሁ» አለ።

«ና ተቀመጥ።»

ገና ሳይቀመጥ የጓሮው በር ተከፈተ። አቶ ዘነበ ነጭ የፕላስቲክ ወንበር ተሸክመው ገቡ። ልጃቸውን ከወንበራቸው አላስነሷትም። የያዙትን ወንበር ከሽማግሌዎቹ ጎን፣ ፊት ለፊቷ አስቀምጠው ተቀመጡ። ዓይናቸው ቀልቷል።

«በመስኮት በደንብ አይሰማም» አሉ። «ድገሚው።»