ጉድጓዱ አፍ ላይ የቆመችው ጠጠር

ለተከበራችሁ አንባብያን በሙሉ፦ «የጉድጓዱ ሙሽራ» በተሰኘው የማስፈሪያ ጨዋታ መጽሐፋችን ሽፋን ላይ የሙሽራዋ እጅ ስድስት ጣት ሆኖ የታተመው በቀለም መፍሰስ እንጂ በሠዓሊዋ ስሕተት አለመሆኑን በታላቅ ትሕትና እናስታውቃለን።

ማስታወቂያው የአሳታሚው ቢሮ በር ላይ ተለጥፏል። ከበሩ ጀርባ ትናንት ከሰዓት የመጽሐፉ ደራሲ ሞቷል፤ እሱን የሚመለከት ማስታወቂያ ግን ገና አልወጣም።

ባልደረቦቹ «ቆርጥም» የሚሉት ኢንስፔክተር የክብሪት እንጨቱን በጥርሱ እንደያዘ አንብቦ ገባ። ያስጠሩት የሟች እናት ናቸው። ሐኪሙ «አስም ነው» ብሎ ፈርሟል፤ እሳቸው ግን አልተዋጠላቸውም። ኮሪደሩ ላይ፣ ባልተሸጡ መጻሕፍት ክምር ላይ ተቀምጠው የታናሹን ልጃቸውን እጅ ጨብጠዋል።

«አስሙ አብሮት ያደገ ነው» አሉት። «ፓፉ፣ የሚስበው መድኃኒት፣ ከእጁ ተለይቶ አያውቅም። ትናንት የት ሄደ?»

«እማማ፣ ሐኪሙ ባለው ቢያበቃ ምናለ?»

«አያበቃም ልጄ። ሁለት ነበሩኝ፣ ይኸው አንድ ቀረኝ። የአሟሟቱን ጉድ ሳላውቅ አፈር አልገባም።»

በመጀመሪያ አሳታሚውን ለብቻው አነጋገረ።

«ምን ዓይነት ጨዋታ ነው?»

«መጽሐፍ ነው፣ ግን ብቻዎን አያነቡትም። አንዱ ተራኪ ሆኖ እንደ መጋረጃ ከሚቆም ካርቶን ጀርባ ይቀመጥና ታሪኩን ይመራል፤ ሌሎቻችን የታሪኩን ሰዎች እንሆናለን። እያንዳንዳችን ጠረጴዛው ላይ በሚዘረጋው የመንደር ካርታ አንድ ጠጠር አለን። ዳይስ እንጥላለን፣ በወጣው ቁጥር ልክ ጠጠራችንን ይዘን እንሸሻለን፣ እንሞታለን።»

«በቀልድ?»

«እስከ ትናንት ድረስ።» አሳታሚው ላቡን ጠረገ። «እሱ ተራኪ ሆኖ፣ እኔ፣ ሠዓሊዋና ታናሽ ወንድሙ ሁለተኛውን ክፍል ለማተሚያ ቤት ከመላካችን በፊት እየሞከርነው ነበር። አዲስ ሕግ አለው። ተራኪው ዝም ካለ ሙሽራዋ ከጉድጓዱ ወጣች ማለት ነው። ያኔ ቀድሞ የተናገረ ይሞታል። ዳይስ እየጣሉ በዝምታ መሸሽ ብቻ ነው።»

«ሲያጣጥር አልሰማችሁም?»

«ሰማን እንጂ። እንዲያውም ‹ዛሬስ ተክኖበታል› ብዬ በልቤ አደነቅሁት። ጠረጴዛውን ሲደበድብ ሠዓሊዋ ጓዳ ገባች። ማለቴ፣ ጠጠሯ።»

ሠዓሊዋ ዓይኗ አብጧል። «እርጥብ ካርቶን እናጭስ፣ ድባቡ ይምጣ ያለው ራሱ ነው። ገና ሳንጀምር ‹ፓፌ በቀኜ ነው፣ አትስጉ› ብሎ ሳቀብን። በመጨረሻ ዝምታው ጨነቀኝና ‹በቃ፣ እኔ ልሙት› ብዬ ከፊቱ የቆመውን ካርቶን ገፋሁት። ቀድሞኝ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ጠረጴዛውን የነካ አለ?»

«ማንም። ሁለቱንም ገፍትሬ አስወጣሁና ክፍሉን ቆለፍኩት። ሬሳውን ሲያነሡም በሩ ላይ ቆሜ እያየሁ ነበር።»

«ከሦስታችሁ በጨዋታ ፈሪው ማን ነው?»

«ታናሹ ነዋ። ሙሽራዋ ገና ሳትኳል እሱ አገር ለቋል እያልን እንስቅበታለን።»

የታናሹ ወንድም መልስ ከሁሉም አጭር ነበር።

«ፓፉን አይተኸዋል?»

«አላየሁም።»

«ወንድምህ ሲያጣጥርስ ምን መሰለህ?»

«እንደነሱው። ጨዋታ።»

ኢንስፔክተሩ ክፍሉን አስከፍቶ ብቻውን ገባ። መጋረጃው እንደተዘጋ ነው፤ የካርቶን ጭስ ሽታ አልለቀቀም። ካርታውን ረዘም ላለ ጊዜ ተመለከተ። ያየውን ባያይ በወደደ። ፓፉን እዚያ ፈልጎ ስላጣው ወደ ኮሪደሩ ተመልሶ ጥጋጥጉን ፈተሸና እናትየውን «እስቲ አንዴ ይነሡልኝ» አላቸው። ፓፉ ከተቀመጡበት የመጻሕፍት ክምር ሥር ተወሽቋል።

«እማማ» አላቸው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እዚህ ላይ ብንተወውስ? የሚቀጥለው ነገር አይጠቅምዎትም።»

«ጥቅም ፈልጌ መሰለህ?»

ሦስቱንም ትናንት በነበሩበት ወንበር አስቀመጣቸው። እናት በሩን ተደግፈው ቆሙ።

«ፓፍ እግር የለውም» ብሎ ጀመረ። «ከጨዋታው በፊት ሦስታችሁም በኮሪደሩ ስትመላለሱ ነበር፤ ስለዚህ ፓፉ ብቻውን ማንንም አያስይዝም። ጠጠሮቹ ግን ይናገራሉ። የሠዓሊዋ ጓዳ ገብታለች። የአሳታሚው አጥር ዘላ ካርታው ጫፍ ደርሳለች። እነዚህ ሁለቱ ከልባቸው ሲሸሹ ነበር፤ ከካርቶኑ ጀርባ የሰሙት ጨዋታ መስሏቸዋል። ሦስተኛዋ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማለች። ከመንቀሳቀስ አልተንቀሳቀሰችም። የማን ናት?»

ሠዓሊዋና አሳታሚው ወደ ታናሹ ዞሩ። ሁሉም ያውቃሉ።

«ድንጋጤ እኮ ሰውን ያደርቃል» አለ አሳታሚው።

«እኔም እንዲያ ይሆን ዘንድ ተመኝቼ ነበር። ግን ዳይሳችሁን እዩት። የሁለታችሁ እንደተጣለ ነው። የእሱ ግን ዳይስ መያዣ ከረጢቱ ውስጥ ገብቶ የከረጢቱ አፍ ታስሯል። ወንድሙ ጠረጴዛውን ሲደበድብ እሱ ዕቃውን ይሰበስብ ነበር። ተራኪው ዳግም እንደማይናገር ያወቀው ፓፉን የወሰደው ሰው ብቻ ነው።»

አሳታሚው «ሁለተኛው ክፍል እንግዲህ...» ብሎ ጀመረና የሠዓሊዋን ዓይን ሲያይ ዋጠው።

እናት ቀስ ብለው ወደ ልጃቸው ቀረቡ። «ውሸቱን ነው በለኝ» አሉት።

ታናሹ እጆቹን ጭኑ ላይ አደረገ።

«አባትህ ሲሞት አዝሎ ያሳደገህ እሱ ነው። ምን በደለህ? እኔስ ምን በደልኩህ? እሱን እንኳ ንገረኝ። ይዤው ልደር።»

ኢንስፔክተሩ የክብሪት እንጨቱን ከአፉ አወጣ። «እኔ እወጣለሁ። ለእናትህ ብቻ ንገራቸው።»

«አይውጡ» አለ ታናሹ። «ፓፉን የወሰድኩት እኔ ነኝ። ለምን እንደወሰድኩት ለእማዬም፣ ለእርስዎም፣ ለዳኛም አልናገርም።»