ነብር ያለበት ጠርሙስ

ዩምና ጨርቁን ስታነሳ የመኪናው ኮፈን እንደ መስታወት ማብረቅረቅ ሲገባው ነጭ ደመና ለብሶ ቆያት። ደግማ ፈተገችው። ደመናው ከቦታ ቦታ ዞረ እንጂ አልለቀቀም።

ጥቁሩ መኪና የጋሽ ተክለጊዮርጊስ ነው። አሮጌ ነው፤ ግን እንደ ልጅ ይሳሱለታል። ዛሬ ሙሽራውን ልጃቸውን ይዞ አንኮበር ወርዶ ሙሽሪትን ያመጣል። ሚዜዎቹም አሁን ሊደርሱ ነው።

መኪናው የሚታጠብበት ላቫጆ የአባቷ የዘይኑልአቢዲን ነው። አባቷ ለለቅሶ አሊዩ አምባ ስለወረደ ሥራው በእሷና በታላቅ ወንድሟ በሀምዳን እጅ ወድቋል። ለመኪና ማብረቅረቂያ የለመዱት ዋክስ ከደብረ ብርሃን ሱቆች ከጠፋ ሰነበተ። የተገኘው አረንጓዴ ጠርሙስ ብቻ ነበር፤ ነብር ተስሎበታል፤ ጽሑፉን ግን የሚያነበው ሰው የለም። ሀምዳን እንግዳ ነገር በሰው መኪና ላይ አይሞከርም ብሎ ቢከራከርም፣ አባቷን ለምና ያስገዛችው ዩምና ናት። እስከዚያ ቀን የመኪና ምንጣፍ ከማጠብ አልፋ አታውቅም። አባቷም ሲሄድ እንዲህ ብሏት ነበር፦ «የመረጥሽው አንቺ ነሽ። ካማረ ዋክሱን ከእንግዲህ አንቺ ትይዢዋለሽ፤ ካላማረ ግን ወደ ምንጣፍሽ።»

ሀምዳን መጣና ኮፈኑን አየ። ጎንበስ ብሎ ጠርሙሱንም አየ።

«ይሄ ነብር ነው ወይስ የወተት ላም?»

ዩምና ጨርቁን ገልብጣ እንደገና ፈተገች። እሱም ሄዶ የናፍጣውን ጀሪካን ይዞ ተመለሰ። ናፍጣ የላቫጆ ሠራተኞች የቆየ ዘዴ ነው፤ ሲቀባ ያብረቀርቃል፣ መንገድ ላይ ግን አቧራውን ሁሉ ይሰበስባል።

«በዚህ ወልወል እናድርገው» አላት ድምፁን ዝቅ አድርጎ። «አንኮበር ሳይደርስ አቧራ ይውጠዋል። ማን ያውቃል?»

«ሙሽሪትስ? በነጭ ቀሚሷ ስትደገፈው?»

«እሱ የአንኮበር ጣጣ ነው። አትፍሪ፣ እንቺ ያዢ።»

በናፍጣ የራሰውን ጨርቅ ዘረጋላት። ዩምና ምንጣፎቹን አሰበች፤ ጨርቁንም ተቀበለች። ልትጀምር ስትል ዓይኗ የመኪናው የኋላ ጥግ ላይ አረፈ። ከቆርቆሮው ጥላ ወጣ ብሎ ፀሐይ አግኝቶታል። እሱንም በዚያው ዋክስ ቀብታው ነበር። እዚያ ግን ደመና የለም፤ ጥቁሩ ጥርት ብሎ ያበራል። እጇን አሳረፈችበት፤ ለብ ብሏል። ተመልሳ ኮፈኑን ነካችው፤ እንደ በረዶ ቀዝቅዟል።

በጥር የሌሊቱ ውርጭ የበርሜሉን ውኃ በረዶ ያደርገዋል። እነሱም እንደ ልማዳቸው በረዶውን ሰብረው፣ በማለዳ አጥበው፣ ወዲያው ዋክስ ቀብተው ነበር። የድሮው ዋክስ ይህን ችሎት ኖሯል። ነብሩ ግን ብርድ አይወድም።

የናፍጣውን ጨርቅ መሬት ላይ ጣለችው። «ሀምዳን፣ እንግፋው።»

«ወዴት?»

«ወደ ፀሐይ።»

ገፍተው እንዳወጡት ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ከሚዜዎቹ ጋር ደረሱ። ሽማግሌው ኮፈኑን ሲያዩ ፊታቸው ተለወጠ። ሀምዳን ጀሪካኑን ከኋላው ደብቆ፣ ምንም አይደለም፣ ገና ሳይደርቅ ቀርቶ ነው እያለ ጀመረ። ዩምና አቋረጠችው።

«ጋሼ፣ ዋክሱ አዲስ ነው። መጀመሪያ በእኛ መኪና መሞከር ነበረብኝ፤ አልሞከርኩትም። ብርድ ላይ ቀባሁትና ደመና ሠራ። ብረቱ እስኪሞቅ ይጠብቁኝ።»

ጋሽ ተክለጊዮርጊስ ሰዓታቸውን አዩ፤ ቀና ብለው ፀሐይዋንም አዩ። «ካልጠራስ?»

«ካልጠራ በሳሙና አጥቤ እሰጥዎታለሁ። ናፍጣ ግን አላስነካውም።»

አንዱ ሚዜ ሊያጉረመርም ሲል ሽማግሌው በእጃቸው ዝም አሰኙት።

ኮፈኑ ለመዳፏ ለብ ሲል ዩምና ከጠርሙሱ ጥቂት ጠብ አድርጋ በስሱ ዳበሰችው፤ ከዚያ በደረቅ ጨርቅ ጠረገችው። ደመናው ተገፈፈ። በቦታው የደብረ ብርሃን ሰማይ ገባ፤ የጣሪያው ጫፍና የሚዜዎቹ ፊት ተከትለው ገቡ። ሊያጉረመርም የነበረው ሚዜ ጎንበስ ብሎ የተጣመመ ክራቫቱን አስተካከለበት። ሁሉም ሳቁ።

ጋሽ ተክለጊዮርጊስ መኪናውን ዞሩት። «የገዛሁት ቀን እንኳ እንዲህ አልነበረም» አሉ። «እጅሽ ይባረክ፣ ልጄ።»

ከሰዓት በኋላ የመኪኖቹ ጥሩምባ ከሩቅ ተሰማ። ጥቁሩ መኪና የአንኮበርን አቧራ ለብሶ ላቫጆው በር ላይ ቆመ። ሽማግሌው ወርደው መሐረባቸውን በኮፈኑ ላይ አንድ ጊዜ ሳብ አደረጉት። አቧራው እንደ ዱቄት በነነና ጥቁሩ ብልጭ አለ። ሙሽሪት በመስኮቱ ለዩምና እጇን አወዛወዘችላት፤ እጅጌዋ ወተት እንደ መሰለ ነው።

መኪኖቹ ሲያልፉ ሀምዳን ከመደርደሪያው ሌላ ያልተከፈተ ጠርሙስ አወረደ፤ የዳሽቦርድ ማጽጃ ነው፣ እሱም ማንም የማያውቀው። ሊታጠብ ወደ ቆመ ታክሲ በአገጩ አመለከታት። «በይ፣ ባለ ነብሯ። እዚያ ላይ እንየው።»

ዩምና ጠርሙሱን ተቀብላ ታክሲውን አልፋ ሄደች። የአባቷን አሮጌ ሚኒባስ በር ከፈተች፤ ማንም የማያየው የዳሽቦርዱ ጥግ ላይ መዳፏን አሳርፋ፣ ፀሐይ ደርሶት እንደሆነ ዳሰሰች።