ሞላ እስኪመጣ

የሰፈሩ ሰው ፒካፗን «እጅ ነሺ» ይላታል። አፍንጫዋ ወደ መሬት ስለሚያዘነብል፣ በቆመችበት ሁሉ ለታላቅ ሰው ጎንበስ ያለች ትመስላለች። እንዲህ ያደረጋት አሁን የምትነዳት ልጅ ታላቅ ወንድም ነበር። የፊት ሞላዎቿን አወጣ፣ ቆርጦ አሳጠራቸው፣ መልሶ ገጠማቸው፤ መኪና ዝቅ ካላለ አያምርም ባይ ነበር። አባቱ ተቆጡ፣ ጎረቤት ሳቀ። እሱ ግን ክንዱን በመስኮት አውጥቶ በሰፈሩ መሃል ቀስ እያለ ሲነዳት፣ ሙሽራ የያዘ ይመስል ነበር። ከዚያ ታመመ፤ ብዙም ሳይቆይ ሞተ። እጅ ነሺ ለእህቱ ቀረች።

አባት መስታወት ቆራጭ ናቸው። እሳቸው ይቆርጣሉ፣ ልጃቸው ጭና ታደርሳለች። ታዲያ መስታወትና የተቆረጠ ሞላ ጠባያቸው አይገጥምም። መንገዱ ጎርበጥ ባለ ቁጥር ፒካፗ ትነጥራለች፣ ከኋላ «ቀጭ» የሚል ድምፅ ይመጣል፣ ልጅቷም ዞር ብላ ሳታይ የትኛው እንደተሰበረ ታውቃለች።

«አባዬ፣ ለፊቷ ነገር አንድ መላ እንፈልግለት» ትላለች።

«የልጄን የእጅ ሥራ ማንም አይነካብኝም» ይላሉ አባት። ወሬው እዚያው ያልቃል፤ ከዚያ በላይ ከቀጠሉ ሁለቱም ያለቅሳሉ።

አንድ ቀን ለፀጉር ቤት የታዘዘ ትልቅ መስታወት ደጃፉ ላይ ሲደርስ ለሁለት ተሰነጠቀ። ልጅቷ የፀጉር ቤቱን ባለቤት ቁጣ ቆማ ሰማች፣ ስብርባሪውን ለቀመች፣ ከዚያም አባቷን ሳታስፈቅድ መሪዋን ወደ ጋራዥ አዞረች። ለአባቷ የምትለውን መንገድ ላይ አዘጋጀች፤ ፍሬን ነው የተበላሸው ትላለች።

መካኒኩ ወጣት ነው፤ ከሰው ይልቅ ከብሎን ጋር የሚግባባ ዓይነት። ሌሎች ጋራዦች እጅ ነሺን ሲያዩ መጀመሪያ ይስቃሉ፣ ቀጥለው ይመክራሉ። እሱ አልሳቀም። በክሪክ አነሳት፣ ጎማዎቹን ፈታ፣ ከሥሯ ገብቶ በጀርባው ተኛ። ልጅቷ ለረጅም ጊዜ የምታየው የጫማውን ሶል ብቻ ነበር።

«ማን ነው የቆረጠው?» አለ ከሥር።

«ወንድሜ» አለች፤ ቀልዱ እስኪመጣ ራሷን አዘጋጅታ።

«ሁለቱም እኩል ናቸው። ብዙ ሰው በችኮላ ይቆርጥና አንዱ ጎን ይረዝማል። ይሄ ለክቶ ነው የቆረጠው። ጫፉን እንኳ በሞረድ አለስልሶታል።»

ወንድሟ ከሞተ ወዲህ ሰው ስለ ሕመሙና ስለ ዕድሜው ማነስ ብዙ ብሏታል። ስለ እጁ ሥራ በጎ የተናገረ ግን አልነበረም። ዓይኗ እንባ አቀረረ። መካኒኩ ወጥቶ ሲነሳ ዓይኗን አየ፤ አየና እጁን በጨርቅ መጥረግ ጀመረ፤ እጁ ከጸዳም በኋላ መጥረጉን አላቆመም።

«ይቅርታ፣ እርስዎን ላስከፋ ብዬ አይደለም።»

«አላስከፋኸኝም። ደግሞ አንቱታውን ተወው፤ እኩያህ ነኝ።»

የአባቷን ነገር ነገረችው። እሱም ፒካፗን እየዞረ አሰበ።

«ወደ ድሮዋ ብንመልሳት የወንድምሽ ሥራ ይጠፋል። እንዲህ ብትቆይ መስታወቱ አይተርፍም። የአየር ሞላ ብናስገባላትስ? ወፍራም ጎማ ነው፤ አየር ሲነፉበት ፊቷን ያነሳዋል። ስታቆሚያት አየሩን ትለቂና እሱ ባደረገው ልክ ዝቅ ትላለች።»

«ስትሠራ ቀና፣ ስትቆም እጅ መንሳት ማለት ነው?»

«ማለት ነው» አለና ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለ። ልጅቷም ያን ፈገግታ ይዛው ወደ ቤት ገባች።

የአየር ሞላው ከሌላ ከተማ የሚመጣ ነበር። እስከዚያ መስታወቱ በጎረቤት መኪና ይመላለስ ጀመር፤ እሷም ሥራዋን ጨርሳ በጋራዡ በኩል ማለፍ ለመደች። እሱ ለአዲሱ ሞላ መቀመጫ የሚሆን ብረት እየቆረጠ ይበይዳል፤ ንጥረቱን የሚያበርደው ሾክ አብዞርበር መንገድ ዘጋበትና ወደ ጎን አዛወረው። እሷ መብራት ትይዝለታለች። አንዳንዴ ሥራውን ያቆምና ቀና ይላል፣ ዓይን ለዓይን ይጋጠማሉ፣ እሷ መብራቱን ታስተካክላለች፣ እሱ ቁልፉን ይፈልጋል። ቁልፉ እጁ ላይ ነው።

ዝም አይነቅዝም ይባላል። ይህን ያለ ሰው ግን የነዚህን ልጆች ዝምታ አላየም። ሁለቱም የሆዳቸውን በሆዳቸው ይዘው ይውላሉ፤ ሁለቱም ፒካፗ ካለቀች ሌላ መገናኛ ሰበብ እንደሌላቸው ያውቃሉ። እንዳታልቅ የሚፈልጓትን መኪና በትጋት ይሠሩ ነበር።

በጋራዡ በኩል ባላለፈችበት ቀን፣ አመሻሹ ላይ ትደውልለታለች።

«ሞላ መጣ?»

«አልመጣም።»

«ምንም አይደል። እጠብቃለሁ።»

እውነቱን ለመናገር ሞላው ከመጣ ሰንብቷል። ከመካኒኩ የሥራ ጠረጴዛ ሥር፣ በማዳበሪያ ከረጢት ተሸፍኖ ተቀምጧል።

አባት ከወዲያኛው ክፍል የሚሰሙት የልጃቸውን ድምፅ ብቻ ነው። ሞላ የሚባል ብረት መኖሩን ያውቃሉ፤ ሽማግሌ እንጂ ሞኝ አይደሉም። ነገር ግን ፒካፗ የገባችው ለፍሬን ነው፤ በዚያ ላይ ሰው ስለ ብረት በእንዲህ ያለ ድምፅ ሲያወራ ሰምተው አያውቁም። ስለዚህ ሞላ ሰው ሆነ። ይመጣል እየተባለ የማይመጣ፣ ልጃቸውን የሚያስጠብቅ አንድ ሞላ የሚሉት ጎረምሳ። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና፣ ልጅቷ ከሞላ ጋር ስሟ መያያዙን አታውቅም።

ምን እንደሚያደርጉ ቸገራቸው። ልጃቸውን መጠየቅ ያፍራሉ። አንድ ጠዋት የፍሬኑን ነገር ልጠይቅ ብለው ወደ ጋራዡ ሄዱና መካኒኩን ከበር አስጠሩት።

«ደኅና ነው ጋሼ፣ ሁሉም በቅርቡ ያልቃል» አለ፤ የትኛው ፍሬን እንደሆነ እየገረመው።

አባት ጉሮሮአቸውን ጠረጉ። «አንተ የኔ ልጅ፣ እሷ እዚህ ትመላለሳለች፤ ምናልባት ታውቅ ይሆናል። ሞላ የሚባል ሰው አለ። ልቧን ወስዶታል። ወንድሟ ቢኖር ለሱ ትነግረው ነበር፤ ለኔ አትነግረኝም። ልከለክላት አይደለም። ሰውየው ጨዋ መሆኑን ብቻ ማወቅ ፈልጌ ነው።»

መካኒኩ ፊቱ ተለዋወጠ። ቀኑን ሙሉ ሞላ ሲል የሚውል ሰው፣ ያን ጊዜ ብረቱ ትዝ አላለውም። ቅናት መጀመሪያ የሚወስደው ጆሮን ነው።

«አላውቀውም ጋሼ» አለ።

ከሄዱ በኋላ ከረጢቱን ከጠረጴዛው ሥር ጎትቶ አወጣ። ያንን ሁሉ ጊዜ የሰው እጮኛ መብራት ሲያስይዝ መክረሙን አሰበ። ከዚያ ሠራ። የአየር ሞላዎቹን በየቦታቸው ገጠመ፣ ቱቦውን ዘረጋ፣ አየር የምትነፋዋን ትንሽ ኮምፕሬሰር ከወንበሩ ጀርባ አሰረ፣ ማጥፊያና ማብሪያውን ከመሪው አጠገብ አደረገ። ሲጨርስ ደወለ።

«መኪናዎ አልቃለች። መጥተው ይውሰዷት።»

ልጅቷ ስልኩን ይዛ ቆመች። አንቱታው በር እንደመዝጋት ነበር። ምን እንዳጠፋች አሰበች፤ አላገኘችም። አባቷም አብሬሽ እሄዳለሁ አሉ። ፍሬን አለመሆኑን ዛሬ ማወቃቸው እንደማይቀር ስለገባት አልከለከለቻቸውም።

መካኒኩ ቀና ብሎ አላያትም። በንጹሕ ጨርቅ የተጠቀለለ ከበድ ያለ ነገር ዘረጋላት።

«የወንድምዎ ሞላዎች ናቸው። ይጣላሉ ብዬ አላሰብኩም።»

እጃቸውን ዘርግተው የተቀበሉት አባት ነበሩ። ጨርቁን ገለጡ። አጫጭሮቹን ብረቶች አገላብጠው አዩ፤ በሞረድ የለሰለሰውን ጫፍ በአውራ ጣታቸው ዳሰሱት።

«አባዬ፣ ፍሬን አልነበረም። ዋሸሁህ» አለች ልጅቷ። «መስታወቱን ማዳን ነበረብኝ። ግን ሥራውን አላጠፋነውም፤ እይ።» ገብታ ማብሪያውን ነካች። እጅ ነሺ ቀስ ብላ ቀና አለች። አየሩን ለቀቀችው፤ ተንፍሳ ተንፍሳ ወንድሟ ይወደው ወደነበረው ልክ ወረደች።

አባት ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ የያዙትን ብረት አዩ፣ ልጃቸውን አዩ።

«በየማታው የምትጠብቂው ሞላ ይሄ ነው እንዴ?»

«አዲሱን ነው እንጂ። ሌላ ምን ሞላ አለ?»

መካኒኩ ጆሮው ድረስ ቀላ። አባት እሱንም አዩት፤ ቀጥ ብለው፣ መስታወት ከመቁረጣቸው በፊት እንደሚያዩት አድርገው አዩት። ብረቶቹን ጠቀለሉና ብብታቸው ውስጥ ከተቱ።

«እኔ በእግሬ እሄዳለሁ» አሉ። «እናንተ መንገድ ላይ ሞክሯት።»

እሷ ነዳች፣ እሱ ከጎኗ ተቀመጠ። ጎርባጣውን ሰፈር እንደ ምንጣፍ አለፉት። ከኋላ ምንም ድምፅ አልመጣም።

«አባትሽ ሞላ የሚባል ሰው ትወዳለች ብለውኝ ነበር» አለ ድንገት።

ልጅቷ መጀመሪያ አልገባትም፤ ሲገባት መኪናውን ለማቆም እስክትገደድ ሳቀች። ስትጨርስ እሱ አሁንም ኮስተር ብሎ ተቀምጧል።

«አንድ ነገር ልንገርሽ። ሞላው የመጣው ቀደም ብሎ ነው። ደብቄው ነው።»

«አውቃለሁ። መብራት ስይዝልህ ከጠረጴዛው ሥር አይቼዋለሁ።»

«እና ለምን ‹መጣ?› እያልሽ ትጠይቂኛለሽ?»

«አልመጣም እንድትለኝ።»

ሲያፍር ወደ ሥራው ነው የሚሸሸው፤ «ቀጥ ያለው መንገድ ላይ ስትደርሺ መሪውን ልቀቂው» አለ። «ወደ ጎን የምትስብ ከሆነ ማየት አለብን።»

እንደገና ነዳች፤ መንገዱ ሜዳና ባዶ ነበር። ልጅቷ ሁለት እጆቿን ከመሪው አነሳች።

«ወደየት ትስባለች?» አለ።

«ወዳንተ።»

«እንዴት ይሆናል? የጎማዎቹን አላይመንት እኮ አስተካክዬዋለሁ። እንመለስና ልየው።» በመስኮቱ ጎንበስ ብሎ ወደ ጎማው ማየት ጀመረ።

ዳር ይዛ ቆመች። «መኪናዋ ቀጥ ብላ ነው የሄደችው» አለች። «ያዘነበልኩት እኔ ነኝ።»

ቀስ ብሎ ቀና አለ። ሊያየው የሚችል ብሎን አጠገቡ አልነበረም፤ እሷን አያት።

«እወድሻለሁ» አለ። «ከመደወሌ በፊት ከሥሯ ገብቼ ሌላ የሚሠራ ነገር ስፈልግ ነበር። እንድትመለሺ። ሁሉም ደኅና ሆነብኝ።»

«እንግዲህ ያለ ሰበብ መምጣት ሊኖርብህ ነው» አለች። «እኛ ቤት።»

«አባትሽስ ምን ይላሉ?»

«በእግሩ የሄደው ለምን ይመስልሃል?»