ጦጣዎቹና የክትባቱ ሳጥን

እኔ እንዲህ ያለ ነገር አምኜ አላውቅም፣ ሰው ሲያወራ እንኳን በልቤ «ደክሞት ይሆናል» የምል ሰው ነኝ፣ ሥራዬም ከሚለካ ነገር ጋር ብቻ ነበር። ክትባት ስንሠራ ቫይረሱን የምናሳድገው ሕይወት ባላቸው ህዋሳት ላይ ነው፣ የእኛዎቹ ህዋሳት ደግሞ ገና እኔ ሳልወለድ ከአንዲት ጦጣ ኩላሊት ተወስደው እስከ ዛሬ በብልቃጥ ውስጥ የሚባዙ ናቸው፣ እመኑኝ፣ ጦጣዋ ሞታ እነሱ አልሞቱም። ክትባቱ ከተጣራ በኋላ የእሷ ዲኤንኤ ትራፊ ቀርቶበት እንደሆነ የምለካው እኔ ነበርኩ።

ያን ክረምት ቆዳ የሚያሳብጥ በሽታ የካፋን ከብት ይፈጅ ነበር። ክትባቱን ይዤ ቦንጋ ስደርስ የተቀበለኝ አስራት የሚባል የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነው፣ እዚያው አቅራቢያ የደካ መንደር ልጅ፣ ረጋ ያለ ሰው፣ ዶክተር ሳልሆን «ዶክተር» ነበር የሚለኝ። ከብት ልንከትብ ወደ ሺሺንዳ ስንሄድ ጫካው መሀል መኪናችንን ጭቃ ያዘው፣ ሹፌሩ ሰው ሊጠራ ሄደ፣ እኛ ክትባቱ ያለበትን የበረዶ ሳጥን አውርደን ሣር ላይ አስቀመጥን። ገና ከሰዓት ነው፣ ጉሙ ግን ዛፎቹን ወተት ውስጥ የነከራቸው ይመስል ነበር።

መጀመሪያ የሰማሁት ብልቃጦቹ እርስ በርስ ሲነካኩ ነው፣ ሳጥኑን የነካው ሰው ግን የለም። በረዶው እየቀለጠ ነው አልኩ። ከዚያ የወፎቹ ድምፅ ጠፋ፣ ቀና ስል ጦጣዎች ሳይዘሉ፣ ግንዱን ይዘው ቀስ እያሉ ሲወርዱ አየሁ፣ ወርደውም ሳጥኑን ከበው ተቀመጡ።

«ምግብ ሸቷቸው ይሆን?» አልኩት።

«ጦጣ ምግብ ፈልጎ እንዲህ ዝም አይልም፣ ዶክተር» አለኝ በሹክሹክታ።

አንዲት አሮጊት ጦጣ ተጠግታ መዳፏን ክዳኑ ላይ አሳረፈች፣ ልጅ እንደምትጠራ ያለ ለስላሳ ድምፅ አሰማች፣ ከዚያ ጆሮዋን ለጠፈች። እኔ ምንም አልሰማሁም፣ እሷ ግን መልስ እንደሚሰማ ሰው ዓይኗን ጨፍና ቆየች። ፈራሁ ብል ውሸት ነው፣ የማላውቀው ሰው ልቅሶ ቤት የገባሁ ነው የመሰለኝ። ሹፌሩ ገበሬዎች ይዞ ሲመጣ ጦጣዎቹ ሁሉ ጉሙ ውስጥ ገቡ።

«እንከትብ ወይስ እንመልሰው?» አለኝ አስራት።

ሺሺንዳ ስንደርስ ሰዎቹ ከብቶቻቸውን ይዘው ዝናብ ላይ ቆመው ይጠብቁን ነበር፣ በየደጁ የሞተ ከብት አለ። ከተብን። በሽታውም ቆመ።

ስመለስ ከተረፉት ብልቃጦች ወስጄ የጦጣዋን ዲኤንኤ ደጋግሜ ለካሁ፣ ማሽኑ ምንም አላገኘም። አላገኘም ማለት ግን የለም ማለት አይደለም፣ ማሽኑ ሊያይ ከሚችለው በታች ነው ማለት ነው፣ ይህን ስንት ዓመት ስጽፍ አንድም ቀን አስቤበት አላውቅም ነበር።

ጥር ላይ አስራት ደወለ፣ ስለ ከብቶቹ ጠየቅሁት።

«ደህና ናቸው» አለ። «ጦጣዎቹ ግን ከጫካ ወጥተው ከእነሱ ጋር ነው የሚውሉት፣ ጀርባቸውን ይዳብሳሉ፣ ሲመሽም በረቱ አጥር ላይ ያድራሉ።»

«ከሁሉም ጋር?»

«አይ፣ ከክትባቱ በኋላ ከገበያ የተገዙትን አይጠጉም። እኛ የከተብናቸው ላይ ምልክት ስላላደረግን፣ የትኛው እንደተከተበ አሁን የምናውቀው በጦጣዎቹ ነው።»