የእትዬ ሳሙና ሳፋ

«በሩን የቀረቀርሽው አንቺ ነሽ! ሌላ ጊዜስ ማን ነው የሚቀረቅረው?»

«ጠዋት ቀረቀርኩ! ከዚያ ወዲያ ዞር ብዬም አላየሁት። ምን ላድርግ፣ ልማልልዎት?»

«ሂጂና ጣቢያ ማይ!»

ዳይሬክተሩና ጽዳቷ ሲናቆሩ ሟቿ ከኋላቸው፣ የዕቃ ክፍሉ ወለል ላይ፣ አንሶላ ለብሳ ተኝታለች። የትምህርት ቤቱ የጤና አስተማሪ ናት። ስምማ ነበራት፤ ግቢው ግን የሚያውቃት «እትዬ ሳሙና» ብሎ ነው። በየእረፍቱ የብረት ሳፋ እየደበደበች «ኑ ታጠቡ!» የምትል፣ ትልቅ ትንሹን የምታሳድድ ሴትዮ ነበረች።

ጣቢያ ውስጥ «አፍንጫው» የሚሉት መርማሪ በሁለቱ መሃል ሾልኮ ገባና አየሩን አንዴ ሳብ አደረገ። በረኪና። የሽንት ቤት አሲድ። ጠርሙሶቹ ከመደርደሪያው ወድቀው እንክትክት ብለዋል፤ ፈሳሹ ተደባልቋል። መስኮት በሌላት ክፍል ያ ጭስ ሰው ይጨርሳል። አደጋ ነው እንዳይባል፣ በሩ የተገኘው ከውጭ ተቀርቅሮ ነው። ሬሳዋ አጠገብ ያ ሳፋ ወድቋል። ቂጡ ተጨራምቷል።

«ማን አገኛት?»

«እኔ፣ ጌታዬ» አለ ዘበኛው። ፂሙ ላይ የሆነ ነገር ብልጭ ድርግም ይላል።

«ምነው፣ ከሰርግ መጣህ እንዴ?»

«ኧረ የእሷ ጣጣ ነው! ጀርም እንዲህ ነው የሚተላለፈው ለማለት፣ በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ይሄን ወርቃማ ብናኝ እጇ ላይ ነስንሳ ልጆቹን ስትጨብጥ ነበር። እነሱ ታጥበው ቤታቸው ገቡ። እኔን የያዘኝ መቀርቀሪያውን ስከፍት ነው።»

«አንተን አልጨበጠችህም?»

«እሷን የሚጨብጥ ትልቅ ሰው የት ተገኝቶ! እጅህን ከሰጠሃት ጥፍርህን ገልብጣ ታያለች፤ ከዚያ ስብከቱን ቻለው።»

አፍንጫው ሳቅ አልመጣለትም። የእሱንም እጅ ሰው ከጨበጠው ቆይቷል፤ ፖሊስ ሲያይ ሁሉም እጁን ኪሱ ይከታል። ቤቱ ያለው ብርጭቆ አንድ ነው። ማታ አጥቦ ይደፋዋል፣ ጠዋት ያንኑ ያነሳል።

ዳይሬክተሩን ወደ ጥግ ወሰደው። «መቼ አዩአት?»

«ጠዋት፣ ሰልፍ ላይ። ተማሪ ከወጣ በኋላ የወላጆች ስብሰባ ነበረብኝ።»

«እዚህ በር ጋስ?»

«እኔ? ሬሳ ካለበት አልደርስም! አልነካሁም፣ አልተጠጋሁም።» ሲያወናጭፋቸው መዳፎቹ ታዩ፤ ተፈትገው ቀልተዋል።

«ስብሰባው ስለምን ነበር?»

ዳይሬክተሩ መነጽሩን ገፋ አድርጎ ጉሮሮውን ጠረገ። ጽዳቷ ግን ከወዲያ ሆና ቀደመችው፦ «ስለ ውሃው ነዋ! ታንከሩ ውስጥ የሞተ እርግብ አገኘች። ልጆቹን ያሳመማቸው እሱ ነው፣ ዳይሬክተሩ ያውቃል፣ ብዬ ለወላጅ እናገራለሁ ስትል ነበር። ስብሰባው ላይ ግን ቀረች።»

አፍንጫው ብቻውን ወደ ሠራተኞቹ መታጠቢያ ሄደ። ቧንቧውን ጎንበስ ብሎ አየ፤ ቀና ብሎ ግድግዳውን አነበበ። ከዚያ ሦስቱንም ጠራቸው።

«መቀርቀሪያው ብናኝ በብናኝ ነው» አለ። «የነካው ሰው ይዞ ሄዷል። ዘበኛው ይኸው ፂሙ ድረስ ይዞታል፣ መክፈቱንም አልደበቀም። እማማ፣ እስቲ ሽርጥዎን ያሳዩኝ።»

ጽዳቷ ጥቁሩን ሽርጥ ገልብጣ ዘረጋችለት። አንዲት ብልጭታ የለም።

«ቀኑን ሙሉ እጃቸውን የሚጠርጉበት ይሄ ነው፤ ጥቁር ጨርቅ ደግሞ አይደብቅም። ዳይሬክተር፣ መነጽርዎን ላየው?»

ሰውየው እጁን ወደ ፊቱ አነሳና መሃል ላይ ተወው። አፍንጫው ራሱ ቀስ ብሎ አወለቀለት። የመነጽሩ እጀታ፣ ጆሮ ሥር የሚውለው፣ ወርቅ የተቀባ ይመስላል።

«እጅዎንስ ጥሩ አድርገው ታጥበዋል። ግን ቧንቧውን በብናኝ እጅ ከፈቱት፣ በታጠበ እጅ መልሰው ዘጉት። የታጠበው ከንቱ ቀረ። ከዚያ መነጽርዎን ነካ ነካ አደረጉ።» በጣቱ ግድግዳውን አሳየ። እትዬ ሳሙና በቀይ ቀለም ጽፋዋለች፦ ቧንቧውን በክርናችሁ ዝጉ። «ሁልጊዜ እዚህ ፊት ለፊት ቆመው ነው የሚታጠቡት። አንድ ቀን እንኳ አላነበቡላትም።»

አፍንጫው መነጽሩን አልመለሰለትም።

«ጠዋት ብቻ ነው ያየኋት አሉኝ። ብናኙ ግን የመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ላይ ነው የመጣው። ከዚያ በኋላ ጨብጠዋታል። ‹ነይ፣ ሳሙና ላውጣልሽ› ብለው እስከ በሩ ሸኝተዋታል። ከስንት ጊዜ በኋላ ትልቅ ሰው እጁን ሲዘረጋላት... ደስ ብሏት ነው የገባችው፣ አይደል?»

ዳይሬክተሩ መታጠቢያው ጠርዝ ላይ ተቀመጠ። «የቀረቀርኩባት ስብሰባው እስኪያልቅ ብቻ ነበር! ልከፍትላት ስመለስ ሽታው አነቀኝ፣ እሷም ዝም ብላለች... ሸሸሁ። ልገድላት አልነበረም!»

«እሱን ለዳኛ ይንገሩ። በጨለማው ስትራወጥ መደርደሪያው ወደቀባት። ሳፋው እንደዚያ የተጨራመተው በሩን ስትደበድብበት ነው።» አፍንጫው ወደ ዘበኛውና ወደ ጽዳቷ ዞረ። እንደ መርማሪ መጠየቁን ረስቶት ነበር። «እናንተ እዚሁ ግቢ ውስጥ ነበራችሁ። ያን ሁሉ ስትደበድብ እንዴት አንድ ሰው አይሰማም?»

ዘበኛው መሬት መሬት አየ። ጽዳቷ ሽርጧን አጠፈች።

«ሰምተናል እንጂ፣ ልጄ። ‹ኑ ታጠቡ› ልትለን መስሎን ተደበቅን።»